ሐይቅ ላይ የተወለደችው «ኢትዮጵያ»

መርከብን ደገኛ የሚያውቃት ከመጽሐፍ ነው። የቦረና ሰው (የወሎውን ቦረና፣ የመካነ ሰላምን አገር ማለቴ ነው) ክርስቲያኑ ስለ ኖኅ፣ ሙስሊሙ ስለ ኑሕ ሲተርክ መርከቧን በዓይኑ ያያት ያህል በሯን፣ ደርቧን፣ ያረፈችበትን ተራራ ይነግርሃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ ዓባይ እኛንና ጎጃምን እየለየ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ይሄዳል። እኛ የምናየው ገደሉን እንጂ ውሃውን አይደለም። «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለውን ሐረግ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የተራራችን ቁመት ሁሉ የሚለካው አብዛኞቻችን አይተነው ከማናውቀው ባሕር ተነሥቶ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ስሟ «ኢትዮጵያ» ይባል ነበር። የዓመታቱን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ የአገራችንን ዘመን ዓ.ም. እያልኩ፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ፤ የመርከቧም ዕድሜ በሁለት አቆጣጠር የተከፈለ ነውና።

የተወለደችው በሌላ ስም፣ በሌላ ክፍለ ዓለም ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከሲያትል ከተማ አጠገብ ዋሽንግተን የሚባል ሐይቅ አለ። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሐውተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የመርከብ መሥሪያ ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓመት አንዲት የብረት መርከብ ወደ ውሃ ወረደች። «ኦርካ» አሏት፤ በአላስካ ከሚገኝ የባሕር ወሽመጥ የተወሰደ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ገባች። ሥራዋ እንደ ሞግዚት ነበር፤ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ ትመግባለች፣ የተጎዱትን ትጠግናለች፣ አብራሪዎቻቸውን ታበላለች፣ ታሳድራለች። በፊሊፒንስ፣ በሌይቴና በሊንጋየን ወሽመጥ፣ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አብራሪዎች ከሰማይ በሚወርዱበት ሰዓት ይህን የሞግዚትነት ሥራ ስትሠራ ከረመች። ጦርነቱ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1947 አሰናበቷት፤ የኮሪያ ጦርነት ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1951 መልሰው ጠሯት፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ዳግመኛ በቃሽ አሏት።

ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። በእንፋሎት ሳይሆን በናፍጣ ሞተር የምትሄድ፣ ሁለት መዘውር ያላት መርከብ ነበረች፤ ፍጥነቷም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ፍጥነት ለመካነ ሰላም ሰው እንግዳ አይደለም፤ የደሴ መንገዳችን ጠጠር በነበረበት ዘመን የአውቶቡሳችን ፍጥነት ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የትውልድ ቦታዋ ሐይቅ መሆኑ ልቤን ይነካዋል። ባሕር የሚያቋርጥ መርከብ ሐይቅ ላይ መሠራቱ እንዴት ይሆናል? ነገሩ ቀላል ነው። ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ1917 በይፋ የተከፈተ ቦይ ቆፍረው ሐይቁን ከባሕሩ ጋር አገናኝተውታል። ውሃውን በር እየዘጉና እየከፈቱ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ግድብ አላቸው፤ መርከቧ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብላ ወርዳ ውቅያኖስ ላይ ትደርሳለች።

እኛም ሐይቅ አለን። ጣና ሰፊ ነው፤ ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ደንገል እየታሰረ ይሠራበታል። መውጫው ግን ዓባይ ብቻ ነው፤ ዓባይም ገና ጉዞውን ሳይጀምር ጢስ ዓባይ ላይ ይፈጠፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

ጣና ላይ ተወልዶ፣ ባሕርን የተመኘ፣
ጢስ ዓባይ ደርሶ እንጂ፣ መንገድ መች አገኘ?

እነዚህን ሁለት መስመሮች የጻፍኩት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሳስብ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1866 ጣና ዳር ሰፍረው ሳሉ ትልቅ ጀልባ ለመሥራት ሞክረው ነበር። በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ከእስር ከወጣ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ታሪኩን ተርኮታል። ከደንገል የታሰረ፣ በላዩ ወለል የተነጠፈለት፣ በሰው ጉልበት የሚዞር መንኰራኩር የተገጠመለት ጀልባ ነው። በዘመኑ የአውሮፓ የእንፋሎት መርከቦች በጎናቸው መንኰራኩር እያዞሩ እንደሚሄዱ ንጉሡ ሰምተዋል ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ባይኖርም መንኰራኩሩን ሞከሩት። ጀልባው የተመኙትን አልሆነላቸውም። ነገር ግን ሰውዬውን ልብ በሉልኝ፤ ባሕር አልነበራቸውም፣ ሞተር አልነበራቸውም፤ ደንገልና ክንድ ብቻ ይዘው ከዘመኑ መርከብ ጋር ሊወዳደሩ ተነሡ። ይህን እብደት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም።

በነገራችን ላይ፣ ጋፋት ላይ ላስቀለጡት ታላቅ መድፍ ያወጡለትን ስም አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሴባስቶፖል። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ላይ ያለ የወደብ ከተማ ነው። ያንን ወደብ ያህል ስም የተሸከመ ብረት በሰው ክንድ እያስጎተቱ፣ ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በበሽሎ በኩል ወደ መቅደላ አወጡት። መቅደላ ከእኛ ከተማ በስተሰሜን፣ በዚሁ በደቡብ ወሎ ናት። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ንጉሡ የተመኟቸው መርከቦች ግን ወደ እሳቸው ለመምጣት አልዘገዩም። የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ በመርከብ ተጭኖ፣ ከጥንታዊቷ አዱሊስ አጠገብ ዙላ ላይ ወረደ፤ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ከመርከብ ወርደው ተራራ ወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ነገሥታት ባሕር የተሻገሩት በሰው መርከብ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወደ ስደት ሲሄዱ ከጅቡቲ እስከ ሃይፋ የወሰደቻቸው የእንግሊዝ የጦር መርከብ «ኢንተርፕራይዝ» ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያገኟቸው በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ መልሕቋን ጥላ በነበረችው «ኩዊንሲ» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኒው ዮርክ የገቡትም የአገሪቱን ስም በያዘችው «ዩናይትድ ስቴትስ» በተባለችው የመንገደኞች መርከብ ነበር። እንግዳ በሰው ቤት ቢከበርም እንግዳ ነው።

የራሱን መርከብ ይዞ እንግድነት የመጣም ነበር። የዩጎዝላቪያው ቲቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1955 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ምጽዋ የደረሱት «ጋሌብ» በምትባል ነጭ የሞተር መርከባቸው ነው። የዚህች መርከብ ታሪክ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 «ራምብ ሦስት» ብለው የሠሯት ከምሥራቅ አፍሪካ ሙዝ እንድታጓጉዝ ነበር። በጦርነቱ ሰጠመች፤ ዩጎዝላቪያውያን ከባሕር ሥር አውጥተው አደሷት፤ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ1953 በቴምዝ ወንዝ ወደ ለንደን ገቡባት። ከቅኝ ግዛት ሙዝ ልትጭን የተሠራችው መርከብ፣ ቅኝ ግዛት ያልገዛውን አገር መሪ ጭና ምጽዋ ወደብ ስትቆም ምን ዓይነት ስሜት ይፈጥር እንደነበር አስቡት። ዛሬ የሪየካ ከተማ ገዝታ ወደ ቤተ መዘክርነት እንድትለወጥ አሳድሳታለች።

ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን የተገናኘችው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሉ ተቋቋመ፤ ኖርዌጃውያን መኮንኖች እያሠለጠኑት፣ ምጽዋን መናኸሪያው አድርጎ። ትናንሽ የጥበቃ ጀልባዎች ነበሩት። ትልቅ መርከብ ያገኘው በጥር 1954 ዓ.ም. ነው፤ ያቺ ሐይቅ ላይ የተወለደችው፣ ሁለት ጊዜ በጡረታ የተገለለችው «ኦርካ» መጣች። ስሟን «ኢትዮጵያ» አሉት። በደጋ አገር ስም የተጠመቀች መርከብ!

እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛነቴ ይጫነኛል። መርከቧ በዚያ ጊዜ አልተገዛችም፤ በውሰት ነው የመጣችው። ማንም ባለ ገንዘብ ደግሞ በከንቱ አያበድርም። አሜሪካና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1953 የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ አስመራ ያለው የቃኘው የመገናኛ ጣቢያም በአሜሪካኖች እጅ እንዲቆይ ተስማምተው ነበር። እኛ በመዝገባችን «ማስያዣ» የምንለው ዓይነት ነገር ነው። መርከቧ የብድሩ አንድ ቅርንጫፍ ነበረች እላለሁ። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ያለ ብድር የተጀመረ ቤት በአገራችን ስንት አለ?

«ኢትዮጵያ» የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። በምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን በሚከበርበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እየተገኙ፣ የልዩ ልዩ አገሮች የጦር መርከቦች ወደቡ ላይ እየተሰለፉ፣ እሷም እንደ ባለቤት እንግዳ ትቀበል ነበር። የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ነበሩ። ከደጋው ገጠር የሄደው ወጣት ግን ከሁሉ የበለጠ ይማርከኛል። ዋና እንኳ ወንዝ ዳር ካላደገ የማያውቅ፣ ዓሣን በጾም ካልሆነ የማያስታውስ ልጅ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ የናፍጣ ሞተር ሊጠብቅ ይወርዳል።

ከእነዚህ አንዱን አውቃለሁ። ሴት ልጃቸው ከውጭ የምትልክላቸውን ገንዘብ ለመቀበል ወደምሠራበት ቅርንጫፍ ይመጣሉ። አንድ ቀን መረጃቸውን ለማደስ የቀድሞ ሥራቸውን ጠየቅኋቸው።

«ባሕርተኛ» አሉ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ባሕርተኛ፣ ልጄ። ‹ኢትዮጵያ› ላይ ነበርኩ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ፣ «እሱማ ሁላችንም ኢትዮጵያ ላይ ነን፣ አባባ» አለች። እሳቸውም ከልባቸው ሳቁ፤ ቀጥለው ዝም አሉ። ኮምፒዩተሩ ላይ ከተደረደሩት የሥራ ዓይነቶች መካከል ገበሬ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሾፌር አለ፣ የሃይማኖት አገልጋይ አለ። ባሕርተኛ የለም። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወረፋ በሌለበት ሰዓት ሲመጡ እናወራለን። ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ላይ ባሕሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት፣ ጠዋት ጠዋት የዓባይን ሸለቆ የሚሞላው ጉም መስሏቸው እንደነበር ነግረውኛል። «ፀሐይ ሲወጣ ይገፈፋል ብዬ ጠበቅሁ» አሉኝ። ግጥም ጻፍኩ እያልኩ የምኩራራው እኔ ይህን የመሰለ ስንኝ ጽፌ አላውቅም።

ዓባይን ካነሣን፣ ሞተር ያለው ጀልባ ወደ እኛም ሰፈር የመጣበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968፣ በክረምቱ ማገባደጃ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጋበዙት መሠረት በብላሽፎርድ-ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ጦር አሳሽ ቡድን ዓባይን ለመውረድ ተነሣ። ወንዙ ሞልቶ ድንጋዩን እንዲሸፍንላቸው ነበር የክረምቱን ውሃ የመረጡት። ከሻፈርታክ ድልድይ በታች ባለው ክፍል ሞተር የተገጠመላቸውን የብረት ጀልባዎች ተጠቀሙ። ከጢስ ዓባይ እስከ ሻፈርታክ ያለው የላይኛው ሸለቆ፣ ማለትም ሳይንትንና ቦረናን ከጎጃም የሚለየው፣ ለብረት ጀልባ የሚመች አልነበረም። በአየር የተነፉ የጎማ ጀልባዎች ይዘው ገቡበት። ከጀልባው የሚገለበጠው ተገለበጠ፤ ከሽፍቶች ጋር ተኩስ ገጠሙ፤ ማክሊዮድ የተባለ ወታደር የዓባይን ገባር ሲሻገር ውሃ ወሰደው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ለመዝናናት በጎማ ጀልባ ፏፏቴ የሚጋልቡበት ስፖርት መሠረቱ የዚያ ጉዞ ልምድ ነው የሚሉ አሉ።

ከእነሱ በፊትም ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የብረት ጀልባዎችን ተሸክሞ መጥቶ ዓባይ ላይ አውርዷቸው ነበር፤ ወንዙ ብዙም ሳያስኬድ ሰባበራቸው። የአገራችን ሰው ግን የተነፋ ስልቻ ታቅፎ፣ ወይም ግንድ ይዞ፣ ሙላቱ ሲቀንስ ይሻገራል፤ ገበያ ውሎ ይመለሳል። ለዚህ ጉዞ መጽሐፍ የጻፈለት የለም።

ወደ መርከባችን ልመለስ። በ1966 አብዮቱ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ከገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ እስክንድር ደስታ ነበሩ። መርከቧ ግን ስሟ «ኢትዮጵያ» ነውና የሚቀየርላት ነገር አልነበረም፤ የንጉሥ ስም ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት ይፋቅ ነበር። እጅግ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ1976 የሆነው ነው። በውሰት የቆየችው መርከብ በዚያ ዓመት ተሸጠች፤ ገዢዋ ደርግ ነበር። የተበደራት ንጉሥ ከሞተ በኋላ የከፈለባት አብዮታዊ መንግሥት ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ ደርግ አሜሪካኖቹን ከቃኘው ጭምር አስወጣ። ማስያዣው ተነሣ፤ ዕቃው ቀረ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ሒሳብ አዘጋግ አይገጥምም።

ከዚያ በኋላ ሶቪየቶች ዳህላክ ደሴቶች ላይ ሰፈሩ፤ አዳዲስ የሩስያ መርከቦች መጡ። አሜሪካ የወለደቻት አሮጊት ከእነሱ ጎን ቆማ አሥራ አራት ዓመት አገለገለች። ጦርነቱ ግን በየብስ ይወሰን ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁሉም ነገር ሲፈርስ፣ የቀሩት መርከቦች ሰው ጭነው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሄደች።

ወደ የመን! የታሪክ ወዳጅ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ፣ ዐፄ ካሌብ ከአዱሊስ ተነሥተው ሂምያርን ለመውጋት የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነው። የዘመኑ የግሪክ ጽሑፎች እንደሚሉት ከመርከቦቹ ብዙዎቹ ከሮም ግዛት ወደቦች የመጡ የነጋዴ መርከቦች ነበሩ። ያን ጊዜም ውሰት ነበረ ማለት ነው። ካሌብ የተሻገሩት ድል አድርገው ለመመለስ ነው። የ1983ቱ መርከበኞች ግን የስደተኛ መጠለያ ጠበቃቸው። ጋሼ ስለዚያ ሌሊት ጠይቄያቸው፣ የመለሱልኝ ስለ ሞተሩ ብቻ ነው፤ ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት ያለፈ መርከብ ሞተሯ አንዴም ሳይሰናከል እንዳሻገረቻቸው።

መርከቧ የመን ወደብ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ በግንቦት ኤርትራ ነፃነቷን አወጀች። አገሪቱም መርከቧም በአንድ ዓመት ውስጥ ባሕራቸውን ዘጉ።

የትውልድ ቦታዋስ ምን ሆነ? ሐውተን የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 ከከርክላንድ ጋር ተቀላቀለች። የመርከብ መሥሪያው ፈርሶ በቦታው ካሪሎን ፖይንት የሚባል የሆቴልና የቢሮ ሠፈር ተሠርቷል። ከፊቱ የግል የሞተር ጀልባዎች የሚታሰሩበት ማቆሚያ አለ። ሲያትልና አካባቢዋ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ የሐበሻ አገር ነው። አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ እዚያው ይኖራልና ሄዶ ፎቶግራፍ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ላከልኝ። ነጫጭ ጀልባዎች ተደርድረዋል፤ ውሃው ረግቷል፤ ጥግ ላይ ሁለት ዳክዬዎች አሉ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ቆንጆ ቦታ ነው። ከልጆቼ ጋር እሑድ እሑድ እንመጣለን። ምን ነበር የፈለግኸው?»